ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰው ሟች

ሽማግሌው ሶፋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አሳርፎ፣ ጽድት ያለ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተገኘ። ከራሱ ሥር ያለው ትራስ በደም ባይርስ ኖሮ ምሳውን በልቶ ጋደም ያለ ሰው ይመስል ነበር። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቱ ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዷ አንብባ የጨረሰችውን ጋዜጣ ይዛለት ወጣች፤ በሩ አልተቆለፈም ነበርና ገባች። «ጋዜጣዎ መጥቷል» ብላ ሁለት ጊዜ ከጠራችው በኋላ ነው ትራሱን ያየችው። ከዚያ የለቀቀችው ጩኸት የሕንፃውን ሰው በሙሉ ደረጃው ላይ አወጣው።

መርማሪው ሲደርስ ረዳቱ ቀድሞት ክፍሉን እያተራመሰ ነበር። ይህን ረዳት ጣቢያው በሙሉ «ጥድፊያ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልግም፣ ደረጃ ሲወጣ ማየት ይበቃል። መርማሪው ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሬሳ አይቶ አሁንም የሟች እናት የምታስፈራው፣ ቀስ ብሎ የሚያይ፣ ቀስ ብሎ የሚያረጅ ሰው ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ከኋላ ነው የተመታው» አለ ጥድፊያ። «ዶክተሩ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ይላል። በሩ አልተሰበረም፤ የጠፋ ዕቃም የለም።»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን አየው። ትራሱ ርሷል፤ የሟቹ ጀርባም ደም አለው። ሸሚዙ ግን ከፊት ጠብታ የለበትም፤ ከኋላም የነካካው ትንሽ ነው፣ እሱም ደም መርጋት ከጀመረ በኋላ የመጣ። የእጅጌው እጥፋት እንደ ስለት ቀጥ ብሏል።

«ከተመታ በኋላ ነው የለበሰው።»

«ማን? ሟቹ?»

«ሟች እንዴት ይለብሳል፣ አንተ ደግሞ! አለበሱት እንጂ።»

ጥድፊያ ወደ ሸሚዙ ተጠጋ። «ገድሎ ሲያበቃ ልብስ ቀየረለት ነው የሚሉኝ? የበፊቱ ሸሚዝስ?»

የበፊቱ ሸሚዝ የውሃ ሽታ ሆኗል። ቁም ሣጥኑ፣ መታጠቢያው፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ቢፈተሽ የለም። መርማሪው የለበሰውን ሸሚዝ ቁልፎች ቆጠራቸው። ሰባት ናቸው። አንደኛው ተቆልፏል፣ ሁለተኛው ክፍት ነው፣ ሦስተኛው ተቆልፏል፣ አራተኛው ክፍት። እንዲህ እያለ እስከ ሰባተኛው ይወርዳል።

«ቸኩሎ ነዋ» አለ ጥድፊያ።

«የቸኮለ ሰው ይሳሳታል። እንዲህ በሥርዓት አይዘልም።»

ነገሩ ከነከነው። የሆነ ቦታ ያየው መሰለውና አእምሮውን ቢያስጨንቀው አልመጣ አለው፤ ተወው።

ጠረጴዛው ላይ ከነሐስ የተሠራ የእንፋሎት ግፊት መለኪያ ተቀምጧል። ሟቹ የማሽን ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ የሸለሙት ነው፤ ክብደቱ የጡብ ያህላል። ከመስታወቱ በስተውስጥ ጤዛ ይዟል። መርማሪው አነሳና አሸተተው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። የተመታበት ዕቃ ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ ወደ ቦታው ተመልሷል ማለት ነው። ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ ሟቹ በሥራ ዘመኑ የፈረመባቸው የምርመራ ወረቀቶች ቅጂ የሞላበት ሦስት ካርቶን አለ።

«ይህንንም እንይ?» አለ ጥድፊያ፣ «አዎ» እንዳይባል እየጸለየ።

መርማሪው ሰዓቱን አየ። «አሽገው። ስንመለስ እናየዋለን።»

አልተመለሱም።

ጎረቤቲቱ ቤቷ ውስጥ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

«እሳቸው ጋ ማን ይመጣ ነበር?» አላት መርማሪው።

«ማን ይመጣል ብለህ ነው ልጄ! ብቸኛ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሩቅ አገር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ልብስ ተኳሿ ሸሚዛቸውን ታመጣለች፣ የቆሸሸውን ትወስዳለች። ዝምተኛ ናት፤ ሁለት ዓመት ስትመላለስ ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣትም። ሌላ ከኋላ ክፍል ያለው ተከራያቸው ነው።»

«ዛሬስ የመጣ ሰው አላዩም?»

«እኔ ከምሳ በኋላ ተኝቼ ነበር፤ አልዋሽም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ከተከራዩ ጋ ተጣልተዋል። በወሩ መጨረሻ ውጣልኝ ብለውታል። ማታ ማታ ሲያስል እንቅልፍ ነሳኝ ብለው። እሱም ደረጃው ላይ ቆሞ "አንድ ቀን በእጄ ይጠፋሉ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጥድፊያ ሐሙስ የምትመጣዋን ሴት ከማስታወሻው ሰረዛት። ግድያው ማክሰኞ ነው። ተከራዩን ግን ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ተከራዩ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሲያመጡት ጥፍሩ ውስጥ ዝገት ነበረ፤ ሲናገር ደረቱ ያፏጫል።

«ማክሰኞ ከስምንት እስከ አሥር የት ነበርክ?»

«ሥራዬ ላይ። ትምህርት ቤት የሽንት ቤት ቧንቧ ስቀይር።»

ጥድፊያ ስልክ ደወለ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አፉን ሞልቶ፣ «እሱማ ማክሰኞ ታምሜያለሁ ብሎ ቀርቷል» አለ። ተከራዩ ይህን ሲሰማ እንደ ልጅ አቀረቀረ።

«ለምን ዋሸህ?»

«የግል ሥራ አግኝቼ ነው ጌታዬ። አንድ ክሊኒክ ምድር ቤት ቧንቧ ፈንድቶባቸው። ታመምኩ ብዬ ቀርቼ እዚያ ስሠራ ዋልኩ። ይህ ከተሰማ ከሥራ ያባርሩኛል። እናቴን የማስተዳድራት እኔ ነኝ።»

«ሽማግሌውንስ በእጄ ይጠፋሉ አላልክም?»

«ብያለሁ። ሰው ሲናደድ ስንት ነገር ይላል!» አለና ሳሉ መጣበት፤ ጠረጴዛውን ይዞ እስኪያልፍለት ጠበቀ።

መርማሪው ክሊኒኩ ድረስ ራሱ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ እያየው፣ «እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም፤ ቧንቧችንን የሚጠግኑት የራሳችን ሠራተኞች ናቸው» አለ። ያለ ደብዳቤ ሰው አስገብቶ ማሠራት ያስጠይቀዋል፤ ሰውየውም ለእንግዳ ቧንቧ ሠራተኛ ብሎ ወንበሩን የሚያስነቀንቅ ዓይነት አይደለም። መርማሪው ምድር ቤት ወረደ። ከአሮጌዎቹ ቧንቧዎች መሐል አንድ አዲስ መገጣጠሚያ ያብረቀርቃል፤ የተጠመጠመበት ክር ገና አልቆሸሸም። ማስታወሻው ላይ «አዲስ መገጣጠሚያ፣ ይጣራ» ብሎ ጻፈ። ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነበረው፤ ማጣራቱ ነው የቀረው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ታላቅ እህቱ ደወለች። እናታቸው በልጅነቱ ስትሞትበት ያሳደገችው እሷ ናት፤ አሁንም ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ሰውዬ «ማሙሽ» ትለዋለች።

«ማሙሽ፣ ሸሚዞችህ ደርሰዋል። ቅዳሜ ና።»

«እሺ እታለም። ደህና ነሽ?»

«ማክሰኞ አልመጣህም» አለችው።

ማክሰኞ ልጇ የሞተችበት ሦስተኛ ዓመት ነበር። አንድ ልጇ፣ እሱ አጎቷ እንደ ልጁ የሚያያት፣ ሥራ ቦታ በደረሰ አደጋ ነው ያለፈችው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ከእህቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይውል ነበር።

«የሰው ነፍስ ጠፍቶ፣ ሥራ ጠምዶኝ...»

«አውቃለሁ፤ ሥራ ነው» አለችና ዘጋችው።

ዓርብ ጠዋት ጥድፊያ ቢሮው ሲገባ ከጆሮ እስከ ጆሮ ይስቃል።

«አመነ! ተፈራርመናል።»

«እንዴት አመነ?»

«ሁለት ሌሊት ሙሉ እኔም አልተኛሁ፣ እሱም አልተኛ። በመጨረሻ "እናንተ እንዳላችሁ ይሁን" አለ።»

መርማሪው ቃሉን አነበበው። ጠቡ አለ፣ ምቱ አለ፣ የነሐሱ መለኪያ አለ፤ ጥድፊያ የሚያውቀው ሁሉ አለ። ወረቀቱን ይዞ ወደ ተከራዩ ሄደ። ሰውየው ግድግዳ ተደግፎ በአፉ ይተነፍሳል።

«ሸሚዙን ለምን ቀየርክለት?»

ተከራዩ ቀና ብሎ አየው። «የምን ሸሚዝ?»

መርማሪው ቆመ። አንድ ሰው ገድሎ፣ አጥቦ፣ አልብሶ ከሄደ ይህን አይረሳም። ይህ ሰው ስለ ሸሚዙ የሚያውቀው ነገር የለም። ሆዱ ይህን ነግሮታል፤ እግሩ ግን ወደ ቢሮው መለሰው። የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ፋይሉ ከምሳ በፊት ዓቃቤ ሕግ ዘንድ እንዲደርስ ይፈልጋል፤ ጠረጴዛው ላይ ሌላ አሥራ አንድ ፋይል ተቆልሏል። ሰኞ ዓቃቤ ሕጉን አነጋግሬ አስቆመዋለሁ ብሎ ራሱን አጽናና። ጥድፊያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሲያቀርብለት አምስት ቦታ ፈረመ፤ የማዛወሪያው ላይ፣ የቃሉ ላይ፣ ከእስረኛው እጅ የተወሰደው ንብረት ዝርዝር ላይ፣ ሌሎቹ ላይም። የሚፈርምበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ስለተደረገበት ማንበብ አላስፈለገውም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ እህቱ ቤት ገባ። አንዲቷ ክፍል ሙሉ በሙሉ የሥራ ክፍል ናት፤ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ የሰው ሸሚዝ በመስቀያ ተሰልፏል፤ የካውያው ግለት ፊት ይገርፋል። አርባ ዓመት ካውያ የያዘው የቀኝ ክንዷ ከግራው ይወፍራል።

«ተቀመጥ፤ ይህቺን ልጨርስ» አለችው።

ሸሚዙን ከሰሌዳው አንስታ መስቀያ ላይ አዋለችው። ጣቶቿ የኮሌታውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ሁለተኛውን አለፉት፣ ሦስተኛውን ቆለፉ፣ አራተኛውን አለፉት። ወደ ሥራው አታይም ነበር፤ እሱን ነበር የምታየው።

መርማሪው የያዘውን የመኪና ቁልፍ ጣለው።

«እታለም፣ ሁሉንም ለምን አትቆልፊውም?»

«መስቀያው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ይህ ይበቃዋል። ሁሉንም ከቆለፍኩማ ሥራዬ መቼ ሊያልቅ!»

በልጅነቱ ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤት ሲለብስ መጀመሪያ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን ይፈታ ነበር። ዛሬ ጠዋትም ፈትቷል። አርባ ዓመት በገዛ ደረቱ ላይ ሲፈታው የኖረውን ነገር በሰው ደረት ላይ ሲያየው ማወቅ አቃተው። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ማክሰኞ የት ነበርሽ?»

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አልነበረም፤ እንዲያውም ዕረፍት ነገር ታየባት።

«በመጀመሪያው ቀን የምትመጣ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሸሚዙን አይተህ።»

«እታለም!»

«ልጄ የሠራችበት ሆቴል፣ የልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ላይ ወረቀት ተሰቅሎ ነበር። የእንፋሎት ማፍያው ቦይለር ተከፍቶ ታይቷል፣ ደህና ነው የሚል፤ ስምና ፊርማ ያለበት። በሦስተኛው ወር ፈነዳ። ስሙን በቃሌ ያዝኩት። አንተን ስጠይቅህ ምን አልከኝ?»

ያላትን ያውቀዋል፤ ተይው እታለም፣ ሕግ ጨርሶታል፣ የልጅቱ የራሷ ጥንቃቄ ጉድለት ነው ተብሏል። ፋይሉን አንድ ቀን ገልጦ አላየውም። እንዲያይ የማይፈቀድለት ዘመድ ነኝ እያለ ለራሱ ሲነግረው ነው የኖረው።

«ፈልጌ አገኘሁት። ልብስ ልተኩስልዎ አልኩት፤ እሺ አለ። ሁለት ዓመት ሸሚዙን ተኮስኩለት። ልጠይቀው እየፈለግሁ አፌ እንቢ ሲለኝ። ማክሰኞ ዓመቷ ነው፤ አንተም አልመጣህ፣ ቤቱ በላኝ። የሐሙሱን ሸሚዝ ቀድሜ ይዤ ሄድኩ። "የሆቴሉን ቦይለር ከፍተውት ነበር ወይ?" አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሁሉን ከከፈትኩማ ሥራዬ መቼ ሊያልቅ፤ አንዱን እከፍታለሁ፣ አንዱን አልፋለሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው" አለኝ። እንኳን ሊያዝን፣ ዞር ብሎ ሬዲዮውን ሊከፍት ነው።»

መዳፎቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ያለፈው የልጄን ነው፣ ማሙሽ። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብረት እጄ ላይ ነበር። ሸሚዙ ተበላሸ፤ እንደዚያ ሆኖ ሰው እንዳያገኘው ብዬ ይዤ የመጣሁትን አለበስኩት። የቆሸሸውን አጥቤዋለሁ፤ ኮሌታው ላይ ያለው ግን አልለቅ አለኝ።»

በጣቷ አሳየችው። ከሽቦው ጫፍ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ የሽማግሌው ሸሚዝ ተሰቅሏል።

መርማሪው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲናገር ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «ስሚኝ። ያንን ሸሚዝ አቃጥይው። አንድ ሰው አምኗል። ተከራዩ። አንቺን የሚጠረጥር የለም...»

«ሰው ታስሯል?» ብድግ አለች። «ያላደረገውን? ማነው? ልጅ አለው?»

«እናት አለችው።»

«አንተስ እንዳላደረገ ታውቅ ነበር?»

ሊዋሽ ፈለገ፤ ያሳደገችው ሴት ፊት ግን አልሆንልህ አለው።

«እሱንም ልታልፈው ነው?» አለች እህቱ፤ መልስም አልጠበቀች፣ ሸሚዙን አውርዳ አጣጥፋ በፌስታል ከተተችውና ካፖርቷን ለበሰች።

ጣቢያው በር ላይ ጥድፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ቆሞ አገኙት። ከንፈሩ ነጥቷል።

«ተከራዩ ሞተ፣ ኢንስፔክተር። ጠዋት። ትንፋሽ አጠረው፤ መድኃኒት መድኃኒት እያለ ሲጮህ ነበር አሉ። የሚሳብ የአስም መድኃኒት ነበረው። ሲታሰር ከኪሱ ወስደን ፖስታ ውስጥ አሽገነው ነበር።»

ኮማንደሩ በሩን ዘግቶ ነው የተቀበለው። መርማሪው ሁሉንም ነገረው፤ ቁልፎቹን፣ ሸሚዙን፣ አዲሱን መገጣጠሚያ፣ እህቱ ኮሪደሩ ላይ ፌስታል ይዛ እንደተቀመጠች። ኮማንደሩ አላቋረጠውም። ሲጨርስ አንድ ወረቀት ወደ እሱ ገፋ አደረገ። የንብረቱ ዝርዝር ነው። አራተኛው መስመር ላይ «የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ አንድ፤ ከእስረኛው ዘንድ ይቆይ ወይ?» ይላል፤ ለመልሱ የተተወው ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ የመርማሪው ፊርማ አምሮ ተቀምጧል።

«የሞተ ሰው አይከሰስም፤ ፋይሉ ተዘግቷል» አለ ኮማንደሩ። «ከከፈትነው እጃችን ላይ የሞተው ንጹሕ ሰው ነው። ካልከፈትነው የሞተው ነፍሰ ገዳይ ነው። እህትህ ልጇን ያጣች፣ የተጎዳች ሴት ናት። ያልሆነችውን ሆንኩ ትላለች። ይዘሃት ቤትህ ግባ።»

«ቃሏን ተቀበሉ!»

«ማንም አይቀበላትም» አለ ኮማንደሩ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ድካም እንጂ።

ኮሪደሩ ላይ ከእህቱ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ለልጇ ቅያሪ ልብስ ይዛ ጠዋት የመጣች፣ ልብሱን የሚረከባት አጥታ፣ መርዶዋን ሰምታም አሁንም እቅፏ ውስጥ የያዘች እናት ናት። መርማሪው ገና ሳያነጋግራት አወቃት። እህቱ እጇን ይዛታለች።

«ልጅሽ አልገደለም» አለቻት። «የገደልኩት እኔ ነኝ።»

እናትየው ዞር ብላ አየቻት። መርማሪው ትጮሃለች፣ ትቧጭራታለች ብሎ ጠበቀ።

«እኔም አልገደለም ብያቸው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔንማ ማን ይሰማኛል! ትናንት ብትመጪ ኖሮ እህቴ። ትናንት በሕይወት ነበረ።»

«አላወቅሁም።»

«መድኃኒቱን ከኪሱ አይለየውም ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ። ማነው የወሰደበት?»

እህቱ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። የኮማንደሩ ወረቀት እስካሁን እጁ ላይ እንዳለ ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው። እሷም አይታዋለች፤ ፊርማውን ደግሞ ብላቴና ሳለ እጁን ይዛ ያስጻፈችው እሷ ናት።

«ሳትፈርም አንብበኸው ነበር ወይ?» አለችው።

አፉን ሲከፍት ብዙ ነገር ሊል ነበር። ይቅርታ ሊል፣ ሊያለቅስ፣ እግራቸው ሥር ሊወድቅ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሥራ በዝቶብኝ ነበር» አለ።

እህቱ ዓይኗን ከእሱ አነሳች። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወደ እናትየው ጠጋ አለችና ቅያሪ ልብሱን ተቀብላት አቀፈችው። ሁለቱ ሴቶች ተደጋግፈው ማልቀስ ጀመሩ፤ እሱን ማንም ተቀመጥ አላለውም።